ደብሪቱ የሰማችው ብረት

ደብሪቱ ብረት ታዳምጣለች። ሰው መጥረቢያ ይዞላት ሲመጣ ስለቱን አታይም፤ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አውራ ጣት በምታህል መዶሻ መታ ታደርገውና ጆሮዋን ታስጠጋለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ከቆየ «ደህና ነው፣ ይዘኸው ሂድ» ትላለች። ቶሎ ከጠፋ ግን ፊቷ ይከፋል፤ «ይኸን እሳት በልቶታል፣ ትተኸው ነገ ና» ትላለች። ከመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ወጣቶች መጀመሪያ ይስቁባታል። አንድ ሁለት ማጭድ እጃቸው ላይ ከተሰበረ በኋላ ግን ደብሪቱ ያላዳመጠችውን የሚገዛ የለም።

መንደሯ ሱዳን ውስጥ ካለው ከቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ትርቃለች። ከገዳሪፍ የሚነሳው አቧራ ሁሉ የሚያርፍባት ትንሽ የገበያ መንደር ናት። ዙሪያዋ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ የሰሊጥና የማሽላ መሽሩዕ ነው፤ ሱዳኖቹ ሰፋፊውን እርሻ እንዲያ ይሉታል። በገበያው ዳር፣ ከአገዳ በተሠራች ራኩባ ጥላ ሥር፣ ባሏ እንግዳው ይቀጠቅጣል፤ እርሷ ወናፍ ትገፋለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ስለገፋች ቀኝ ትከሻዋ ከግራዋ ይበልጣል። እንግዳው ዝምተኛ ነው። ከጧት እስከ ማታ አሥር ቃል ከወጣው ያን ቀን ወሬኛ ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ከገበያተኛ ጋር መከራከሩም፣ መቀለዱም፣ መቆጣቱም የእርሷ ሥራ ነው፤ ሦስቱንም ታውቅበታለች።

እንዲህም ሆኖ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚያች መንደር ሰርግ ተጠርታ አታውቅም። ለቅሶ ትሄዳለች፤ ለቅሶ ላይ ማንም ማንንም አይከለክልም። ሰርግ ላይ ግን ምግብ አለ፣ ሙሽራ አለች፣ ደስታ አለ፤ የቀጥቃጭ ዓይን ደግሞ ይፈራል። የመንደሩ ሰዎች ከጎንደር ቆላ ድንበር ተሻግረው ሲመጡ ብዙ ነገር ጥለው መጥተዋል። ይኸን ግን አልጣሉትም፤ እንደ ስንቅ ቋጥረውት ነው የመጡት። እርሷ ስታልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። እርሷ ባዳመጠችው ማጭድ አጭደው ይኖራሉ፣ ከእጇ ግን ቁራሽ አይቀበሉም። ደም የሚያፈላ ነገር ነው። ደብሪቱ ግን ደሟን ማፍላት ከተወች ቆይታለች፤ «ብረቱ ያውቀኛል» ትልና ወናፏን ትገፋለች።

በዚህ ዓለም የሚደንቃት ነገር ቢኖር እርሱው ብረቱ ነው። ያው አንዱ ብረት፣ ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት፣ እሳት አሳይተው ውኃ ሲያጠጡት ሞረድ የማይነካው ይሆናል። እንደገና አግለው በዝግታ እንዲቀዘቅዝ ሲተዉት ደግሞ ያ ሁሉ ጥንካሬ የለም። ከላይ ሲያዩት ሁለቱም አንድ ናቸው፤ መልኩ አንድ፣ ክብደቱ አንድ። ታዲያ የመጣው ከየት ነው? የሄደውስ ወዴት ነው? ይኸን ጥያቄ በልጅነቷ አባቷን ጠይቃ «የእግዜር ሥራ ነው፣ ዝም ብለሽ ግፊ» ብሏታል። ባሏን ጠይቃ ትከሻውን ነቅንቋል።

መልስ የሚመስል ነገር ያገኘችው ከሓይሉ ነው። ሓይሉ ትግራይ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት ያስተምር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ተከዜን ተሻግረው ቱነይድባ ከሰፈሩት አንዱ ነው፤ በገበያ ቀን እየመጣ የውኃ ፓምፕና ብስክሌት ይጠግናል። አንድ ቀን ራኩባው ሥር ለጥላ ቆሞ ደብሪቱ አሥር ማጭድ ስታዳምጥ አያት። ሰባቱን ወደ ቀኝ፣ ሦስቱን ወደ ግራ ለየች። ሓይሉ ነገሩ አላስችል ብሎት ከቦርሳው ሞረድ አወጣና አሥሩንም ሞከረ። በሰባቱ ላይ ሞረዱ ጠርሙስ እንደነካ ተንሸራተተ። ሦስቱን ግን ነከሳቸው።

«ኣደይ፣ ይኸን ማን አስተማረዎት?» አላት፤ ኣደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው።

«ጆሮዬ።»

«እኛ ዘንድ ለዚህ መሣሪያ ነበረ። የአልማዝ ጫፍ አለው፤ ብረቱን በከባድ ኃይል ይጫነዋል። ከዚያ የጎደጎደው ይለካና ቁጥር ይሰጠዋል።»

«ቁጥር አለው? ጥንካሬ?»

«አለው እንጂ።»

ከዚያ ሓይሉ ተንበርክኮ አቧራው ላይ በጣቱ ነጠብጣብ ሠራ። ብረት ውስጡ ፍሬ ፍሬ ነው አላት፣ ጆንያ ውስጥ እንዳለ ሰሊጥ። እሳት ሲገባው ፍሬዎቹ ቦታቸውን ይለቃሉ፤ ውኃ ድንገት ሲይዛቸው እንደተጣበቡ ይቀራሉ፣ ያን ጊዜ ይጠነክራል። በዝግታ ከቀዘቀዘ ግን እንደልባቸው ተዘርግተው ይተኛሉ፣ ያን ጊዜ ይለዝባል። ደብሪቱ አፏን በእጇ ያዘች። ዓይን የማያየው ነገር እንዲህ ቦታ ይለዋወጣል፣ እርሷም በጆሮዋ ስትሰማው ኖራለች። በዚያ ሳምንት ብረት በያዘች ቁጥር እጇ ላይ ያለው ነገር በሕይወት ያለ እየመሰላት ቀስ ብላ ነበር የምታስቀምጠው።

በዚያው ዓመት ግንቦት መጀመሪያ ላይ ምሥራቅ መጣች። ምሥራቅ የምንይችል ልጅ ናት፤ እዚሁ ሱዳን ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን በዓረብኛ እየቋጠረች የምትናገር።

«እትየ ደብሪቱ፣ ሰርጌ እሑድ ነው። ትመጫለሽ» አለች፣ እንደ መጠየቅ ሳይሆን እንደ ማዘዝ።

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ታውቃለች?»

«እኔ ነኝ የማገባው፣ እናቴ አይደለችም! ድንኳን ውስጥ፣ ከሰው ጋር ነው የምትቀመጪው። ኸላስ። ወላሂ ከቀረሽ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ደብሪቱ ሳቀች። ልጅቷ ስትሄድ ወደ ወናፏ ዞራ አለቀሰች። እንግዳው ይኸን አይቶ ለትንሽ ጊዜ መዶሻውን አስቀመጠ። በማግሥቱ ከሣጥኗ ሥር የጥልፍ ቀሚሷን አወጣችና ሽታው እንዲለቅ ፀሐይ ላይ ሰቀለችው።

ረቡዕ ዕለት የሙሽራዋ አባት ራሱ መጣ። ምንይችል የአንድ ትልቅ መሽሩዕ ኸፊር፣ ማለት ጠባቂ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ተጫዋች ነው፤ ችግሩ ጠመንጃው ነው። ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ምንሽር አለው። ስለ ልጁ አንድ ጊዜ ካወራ ስለ ምንሽሩ ሦስት ጊዜ ያወራል። ባለፈው የካቲት የሰሊጥ ገለባ ሲያቃጥሉ ነፋስ ተነስቶ ጎጆውን በላበት፤ ምንሽሩም ውስጥ ነበር። በማግሥቱ ከሞቀ አመድ ውስጥ ቆፍሮ ሲያወጣው እንጨቱ የለም፣ ብረቱ ግን አልጎበጠም፣ አልቀለጠም። ምንይችል የሞተ ልጅ እንደተነሳለት ሁሉ እልል አለ። ገዳሪፍ ወስዶ ቀይ እንጨት አስገባለት፣ ብረቱን አስወለወለው፣ ዘይት አጠጣው። እውነት ለመናገር ከበፊቱ አምሮ ነው የወጣው።

«የማንገቻው ቀለበት ጎብጧል፣ አቅኑልኝ» አለ። «እሑድ ወንዱ ወገን ሲመጣ ሦስት ጥይት እተኩሳለሁ። የመንደሩ ሹም፣ ዑምዳውም ፈቅዷል።»

የሴት ልጅ አባት የሙሽራውን አጃቢ በሦስት ጥይት መቀበሉ የእነርሱ ደንብ ነው። ልጁን በባዶ እጅ የሰጠ እንዳይባል፣ ሦስቱንም በራሱ እጅ ከራሱ ትከሻ ላይ ይተኩሳል።

እንግዳው ቀለበቱን ሊያቀና ጉጠት ሲፈልግ ደብሪቱ ጠመንጃውን ተቀበለች። ሆን ብላ አይደለም፤ እጇ ለምዶበት ነው ትንሿን መዶሻ አንስታ የመዝጊያውን ቤት መታ ያደረገችው። የመዝጊያው ቤት ማለት መዝጊያው ገብቶ የሚቆለፍበት፣ ጥይቱ ሲፈነዳ ያንን ሁሉ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመጣ ይዞ የሚያስቀር የብረት አካል ነው። ከእርሱ በስተኋላ ሌላ ግድግዳ የለም። ከእርሱ በስተኋላ ያለው የተኳሹ ፊት ነው።

ድምፁ ወዲያው ሞተ። ደግማ መታችው። እንጨቱ አፍኖት ይሆናል ብላ መዝጊያውን አውጥታ ለብቻው መታችው፤ እርሱም ያው ነው። ሞረድ አነሳችና ከእንጨቱ ሥር በማይታይ ቦታ ላይ ጫን አደረገችው። ነከሰ።

የአባቷን ነገር ነው ያስታወሰችው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ አዳኝ ያረጀ ጠመንጃ ይዞ መጣ። አባቷ የመዝጊያው ቤት ለዝቧል ብሎ እንደ ማጭድ አጋለውና ውኃ አጠጣው። ሞረድ አልነካው ሲል ደስ አለው፤ ወናፉን የገፋችውም እርሷ ነበረች። ያ ብረት ግን ጠነከረ እንጂ መታገሥ አይችልም ነበር። በመጀመሪያው ጥይት፣ ሳይሰፋ፣ ሳያስጠነቅቅ፣ እንደ ጠርሙስ ተበተነ። አዳኙ ቀኝ ዓይኑንና ግማሽ ፊቱን አጣ። አገሩም «በዓይኑ በላው» ብሎ አባቷን ከነቤተሰቡ ነቀለው። ደብሪቱ ከዚያ ወዲህ ነው ብረትን ማዳመጥ የጀመረችው። የመዝጊያ ቤት እንደ ማጭድ አይደለም። ላዩ እንደ ድፎ ዳቦ ቅርፊት ጠንከር ማለት አለበት፣ መዝጊያው ሲመላለስበት እንዳይበላ፤ ውስጡ ደግሞ ግፊት ሲመጣበት ችሎ የሚመለስ መሆን አለበት። ከጠነከረ ይሰበራል፣ ከለዘበ ይለቃል። ያን መካከለኛውን ቦታ አንድ የማታውቀው ሰው፣ በማታውቀው አገር፣ ስንትና ስንት ዓመት አስቀድሞ አግኝቶ እዚህ ብረት ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ይኸን ስታስብ ሁልጊዜ ትደነቃለች። አሁን ግን አንድ የጎጆ ቃጠሎ ያን ሁሉ ወስዶታል፣ መልኩን ሳይነካ።

«አያ ምንይችል» አለች፣ «ይኸ ምንሽር ሞቷል።»

«ምን አልሽ?»

«ጥንካሬውን እሳቱ ወስዶታል። የቀረው መልኩ ነው። እንዳትተኩሰው።»

ምንይችል ሳቀ። «ብረት እሳት ምን ያደርገዋል? እሳት ውስጥ አይደል እንዴ የተወለደው?»

«እሳት ውስጥ ነው የተወለደው፤ ግን የሠራው ሰው መቼ እንደሚያወጣው ያውቅ ነበር። አንተ አመድ ውስጥ አሳድረህ ነው ያወጣኸው። ስማኝ፣ ፊትህን ይወስደዋል።»

ምንይችል ሳቁን አቆመ። ጠመንጃውን ከእጇ ወሰደና ከትከሻው ላይ ፎጣውን አውርዶ ሸፈነው፤ ልክ እናቶቹ የልጆቻቸውን ፊት እንደሚሸፍኑት።

«ዓይንሽን አንሺልኝ፣ እትየ ደብሪቱ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልጄ በሰላም ትዳርልኝ።»

ቀለበቱ ሳይቀና ሄደ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤት ከምሥራቅ እናት መልእክት ይዛ መጣች፤ «እሑድ ሥራ ይበዛባችኋል፣ አትድከሙ ብላለች።» ደብሪቱ «እሺ» ብላ የጥልፍ ቀሚሷን ከገመዱ ላይ አውርዳ አጠፈችው። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ነገር ሦስት ቀን ሳይሞላው አለቀ። ምሳዋን አልበላችም፣ ወናፉንም እስኪመሽ ድረስ ከሚገባው በላይ ስትገፋው ዋለች።

ሐሙስ ጧት እንግዳው ከሰሉን እያቀጣጠለ ተናገረ። «ዝም ካልሽ ፊቱ ይሄዳል። ደጋግመሽ ተናግረሽ ቢፈነዳ ደግሞ ‹የበላችው እርሷ ናት› ይሉሻል። እንደ አባትሽ ይነቅሉናል። እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።» የሦስት ቀን ቃሉን በአንዴ ጨረሰ።

ደብሪቱ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቱነይድባ መንገድ ጀመረች። ሓይሉን ከሻይ ቤቶቹ በአንዱ፣ የራሽን ሰልፍ እስኪደርሰው ሲጠብቅ አገኘችው። ሰምቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ልክ ነዎት፣ ኣደይ። ያደረ እሳት ምንም አያስቀርለትም። ግን የእኔን ቃል ማን ይሰማል? እኔ ከወዲያ ነኝ፣ እርሱ ከወዲህ። በጦርነቱ እርሱም ወንድሙን ቀብሯል፣ እኔም ቀብሬአለሁ።»

«አንተን ባይሰማ ብረቱን ይሰማል። ተነሥ።»

ተነሣ። የራሽን ሰልፉን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥቶ ተከተላት።

ምንይችል ግቢው ውስጥ የድንኳን እንጨት ሲተክል ደረሱበት። አንዷን «ቡዳ» ብለው የሚሸሹአት፣ አንዱን በጦርነቱ የሚጠረጥሩት ሁለት ሰዎች በሰርግ ቤት ደጃፍ አብረው ሲቆሙ ጥሩ አቀባበል አይጠብቃቸውም። እስኪጨርሱ እንኳ አላዳመጣቸውም። ቤት ገብቶ ምንሽሩን አወጣና አጎረሰው፤ አፈሙዙን ወደ ባዶው ማሳ አዙሮ ከትከሻው ላይ ተኮሰ። ደብሪቱ ዓይኗን ጨፍና ማርያምን ጠራች። ግቢው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ላይ የነበሩት ወፎች ሁሉ ተነሡ። ምንይችል ግን ፊቱ እንዳለ ነው።

«ይኸው! ሞቷል ያላችሁት ጮኸ!»

ሓይሉ ጎንበስ ብሎ የተስፈነጠረውን ቀለህ አነሣ። «ጌታዬ፣ ከቃጠሎው በፊት የተተኮሰ ቀለህ ይኖርዎታል?» አለ። ጠመንጃ ወዳድ ሰው ቀለህ አይጥልም፤ ምንይችል በቆርቆሮ የሞላ ነበረው። ሓይሉ አንድ አሮጌና ያን አዲሱን ጎን ለጎን መዳፉ ላይ አስቀመጠ። በአዲሱ ግርጌ ዙሪያውን ቀለበት የሠራ፣ ፀጉር የመሰለ የሚያበራ መስመር ይታያል፤ አሮጌው ላይ የለም።

«መዝጊያው ወደ ኋላ ሸሽቷል» አለ። «ቀለሁ ተስቦ ነው እንዲህ ያበራው። ዛሬ የፀጉር ያህል ነው። የለዘበ ብረት በአንድ ቀን አይክድም፤ በየጥይቱ ትንሽ ትንሽ ይሰጣል። ስንተኛው ላይ እንደሚለቅ እኔም አላውቅም።»

«ለሰርግማ ቀለበት መልካም ነው» አለ ምንይችል፤ ሳቀም። ሳቁ ግን ሙሉ አልነበረም። መዝጊያውን ሲስበው ከበፊቱ ጠንከር እንዳለበት ደብሪቱ አየች፤ እርሱም እንዳወቀው አየች። ሰው ግን ከአባቱ የወረሰውን ነገር በሰው ፊት ሞቷል ማለት ከባድ ነው። «በሉ፣ በሰላም» ብሎ ሸኛቸው።

እሑድ ደብሪቱ የሥራ ቀሚሷን እንደለበሰች ከምንይችል ግቢ አጥር ውጪ፣ ፀሐይ ላይ ቆመች። ከውስጥ ዘፈኑ ይሰማል፣ የወጡ ሽታ ይመጣል። እርሷን ያዩ ሴቶች አፋቸውን እየሸፈኑ ያልፋሉ። ብትሄድ ማንም አይወቅሳትም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተናግራለች፣ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅባታል? እግሯ ግን አልሄደም። የዚያ አዳኝ ፊት በዓይኗ እየመጣ አላንቀሳቅስ አላት።

የሙሽራው አጃቢዎች ከበሮ በመንገዱ ላይ ሲሰማ ምንይችል በነጭ ልብሱ ወጣ። ምንሽሩ ያብረቀርቃል። ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን ያዘለት። አጎረሰ፣ አነሣ፣ ጉንጩን እንጨቱ ላይ አስተኛ። ደብሪቱ በአጥሩ በር ሰዉን ሰንጥቃ ገብታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አያ ምንይችል፣ ከፊትህ አርቀው!»

እልልታው ቆመ። አንድ ሰው «ይቺ ቡዳ ማን ጠራት!» አለ። ሌላው ክንዷን ያዘ። ምንይችል ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ፤ ፊቱ በእፍረትም በንዴትም ደም መሰለ።

«ቡዳ ማለት ከፈለግህ በለኝ» አለች ደብሪቱ። «ከፈነዳ እኔ በላሁት በሉ። ንቀሉኝ። ብቻ ፊትህን አንሣለት። ከዛፍ ላይ እሰረውና በገመድ ሳበው፤ ሦስቱንም ይጩህልህ፣ ካልፈነዳ እኔ ከነገ ጀምሮ እዚህ አገር አልታይም።»

ያን ጊዜ ምሥራቅ በሙሽራ ልብሷ ከጓዳ ወጣች። ሙሽራ ሳትጠራ አትወጣም፤ እናቷ ልትይዛት ብትሞክርም አልቻለችም።

«አባባ፣ እሰረው።»

«ምሥራቅ፣ ግቢ!»

«ወላሂ አልገባም። እሰረው፤ ካላሰርኸው ከዚህ ቤት ከማንም ጋር አልሄድም። እኔ ፊት የሌለው አባት አልፈልግም!»

ምንይችል ዙሪያውን አየ። ገመድ ከየት እንደሚያመጣ የሚያስብ መሰለ። እንግዳው በአጥሩ በር ገባ፤ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ገመድ አለ። መቼ እንዳሰበው፣ መቼ እንዳመጣው ማንም አያውቅም። ምንሽሩን ተቀበለና ሰደፉን ከኒሙ ግንድ ጋር አጥብቆ አሰረው። ቀጭኑን ገመድ ከምላጩ ላይ ቋጥሮ እስከ ጭቃው ቤት ጀርባ ጎተተው። ሰዉ ሁሉ ከግድግዳው በስተጀርባ ሆነ።

ምንይችል ራሱ ሳበ። አንዱ ጮኸ፤ ምንም አልሆነም። ሄዶ መዝጊያውን ሲከፍት ሁለት እጅ ፈለገበት። ሁለተኛው ጮኸ፤ ምንም የለም። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ፣ አንዳንዱም ሳቀ። ደብሪቱ ራሷን ዝቅ አድርጋ ትጠብቃለች። ምንይችል ሁለተኛውን ቀለህ ለማውጣት መዝጊያውን በድንጋይ መታው። ሦስተኛውን አጎረሰ፣ ተመለሰ፣ ሳበ።

ይኸኛው ድምፅ እንደ ሁለቱ አልነበረም። አፈሙዙ ሳይሆን ሆዱ ነበር የጮኸው። ጭሱ ሲገለጥ ቀዩ እንጨት ለሁለት ተሰንጥቆ ተንጠልጥሏል፣ የመዝጊያው ቤት ተቀዶ ተከፍቷል፤ መዝጊያው ግን የለም። ምንይችል እየፈራ ቀረበ። መዝጊያው ከሰደፉ በላይ በኒሙ ግንድ ውስጥ ገብቶ ጠልቋል፤ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። ጠመንጃ ከትከሻ ላይ ሲያርፍ የሰው ቀኝ ዓይን የሚውልበት ቦታ ላይ።

ደብሪቱም ቀረበች። የተቀደደውን ብረት ጠርዝ አየች፤ ውስጡ ግራጫ ነው፣ ፍሬ ፍሬ፣ እንደ ተዘረገፈ ሰሊጥ። ዕድሜዋን ሙሉ ያዳመጠችውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ አየችው። አማተበች።

ከኋላዋ አንዲት አሮጊት «አላልኋችሁም? ዓይኗ ነው፤ ገና ስትመጣ ነው የበላችው» አሉ። ሌሎቹም ተቀባበሉት። እንግዳው ከሚስቱ ፊት ቆመ።

ምንይችል አልሰማቸውም። ጣቱን ከግንዱ ብቅ ባለው የመዝጊያው ጫፍ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ያንኑ ጣት ወደ ፊቱ አምጥቶ ቀኝ ዓይኑን ዳሰሰ፣ ጉንጩን ዳሰሰ። ከዚያ እንግዳውን በእጁ ገለል አድርጎ ደብሪቱን ክንዷን ያዘ። አንዳንዱ ሊመታት ነው ብሎ አስቦ ነበር።

«ነይ ግቢ» አላት።

በሰዉ መካከል አሳልፎ ድንኳኑ ውስጥ አስገባት። ከራሱ አጠገብ፣ የቤቱ ታላላቆች ከሚቀመጡበት፣ አስቀመጣት። ትሪው መጣ። ዙሪያውን የተቀመጡት እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ማንም አልነካም። ደብሪቱም አልነካችም፤ ከሰል የማይለቀውን እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀችው።

«እትየ ደብሪቱ» አለ ምንይችል፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ፤ «አጉርሽኝ።»

«አያ ምንይችል፣ ተው እባክህ...»

«አጉርሽኝ አልሁ።»

እጇን አወጣች። እንጀራውን ቆርሳ፣ ወጡን ጠቅልላ አነሣችው። ምንይችል ፊቱን ወደ እርሷ አቀረበ፤ ሁለት ዓይኑ፣ ሁለት ጉንጩ፣ ሁሉም እንዳለ። አፉንም ከፈተ። ደብሪቱ አጎረሰችው። አኝኮ እስኪውጥ ድረስ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አላነሣችም፤ እርሱም አንሺልኝ አላላትም።